ናናው ላይ ያረፈው ነጭ

ሸጎሌ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኪ፣ ኡመይማ ልጄ፤

ሰላምታዬ ይቅደም፣ ወቀሳዬ ይከተላል። አላህ ባለሽበት አፊያ ይስጥሽ፣ የሻርጃን ሙቀት ያቅልልሽ፣ የአለቃሽንም ልብ ያራራልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ያው ነው። በስልክ ስናወራ አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ "እ?" እላለሁ፣ ፎቁ በሙሉ ወሬያችንን ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ እንለያያለን። ስለዚህ በወረቀት እየጻፍኩ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አንቺም በጽሑፍ መልሺልኝ።

አሁን ወደ ወቀሳዬ። ችግኝ መሸጫ ውስጥ ቆመሽ ትውያለሽ፣ አንድ ቀን እንኳ "አክስቴ፣ የእርስዎስ ቅጠሎች እንዴት ከረሙ?" ብለሽ አታውቂም። ያ የድሮው ግቢያችን ሲፈርስ ከአፈሩ ነቅዬ ይዣቸው የመጣሁትን ታውቂያለሽ። ናናው በተቆረጠ ጀሪካን፣ በሶብላው በቀለም ባልዲ፣ ጤና አዳሙ ታቹ በተበሳ ድስት፣ የጥብስ ቅጠሉም በጣሳ ሆኖ በረንዳዬን ሞልተውታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በሙሉ ከእነሱ ነው የሚቀጥፈው። ትይዩዬ ያለችው ገበያነሽ፣ ያቺ ጴንጤዋ ጎረቤቴ፣ ሻይ ጥዳ "ዘሀራ፣ ትንሽ ናና!" ሳትል አትውልም። ሲጠየቁ መስጠት ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ከአሁን በኋላ ለሰው የምሰጠው ነገር ብዙ አልቀረኝም።

እንግዲህ እነዚህ ቅጠሎቼ ነጭ ነገር አርፎባቸዋል። ዱቄት እንደተነፋባቸው ነው የሚመስሉት። መጀመሪያ ናናው ላይ ነበር፣ አሁን ሁሉም ላይ ነው። ከፊት ለፊታችን ሕንፃ እየተሠራ ስለሆነ የሲሚንቶ አቧራ ነው ብያለሁ። የሥራው ፎርማን ጌቱ የሚባል ልጅ ነው፤ ወርጄ ሳላናግረው አልቀርም። አንቺ ግን ከምትሸጡት መድኃኒት ነጭ ነገር የሚያጠፋውን ፈልገሽ በመንገደኛ ላኪልኝ።

አክስትሽ ዘሀራ

*

ሻርጃ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ዘሀራ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ወቀሳዎን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ሌላው የአክስት ልጅ ልጅ ቢሆን ማን ይወቅሰው ነበር? እናቴና እርስዎ የእህትማማች ልጆች ናችሁ። እናቴ ስትሞት ግን ከሚሴ ድረስ መጥተው እጄን ይዘው የወሰዱኝ፣ ከልጅዎ ከሸምሰዲን ሳይለዩ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አላህ ውለታዎን እሱ ይክፈልልኝ፣ እኔስ አልችለውም።

መድኃኒቱን አልልክም፤ አይቆጡኝ። እዚህ የምንሸጠው ለአበባ ነው፣ ሰው ለሚበላው ቅጠል አይሆንም። መጀመሪያ ነጩን በጣትዎ ጠረግ ያድርጉት። ጣትዎ ላይ ከቀረ አቧራ ወይም ሻጋታ ነው። ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ክሽክሽ የምንላቸው ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት የሚደበቁት እዚያ ነው፤ የቅጠሉን ውኃ እየመጠጡ ያጠወልጉታል። ቅጠሉ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ጉንዳንም ጀሪካኑን የሚወጣ ከሆነ እነሱ ናቸው። አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠው የቅጠሉ ጀርባ ላይ ይርጩት፤ ጥቂት ቆይተው በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሳሙና ሲበዛ ቅጠል ያቃጥላል።

ፎቶም አንስተው ይላኩልኝ። ቅጠሎቹንም ናፍቄአቸዋለሁ።

ልጅዎ ኡመይማ

*

ሸጎሌ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡመይማ ልጄ፣ ሰላም የበዛልሽ ሁኚ፤ የምትነኪው ሁሉ ይጽደቅልሽ።

ያልሽኝን ሁሉ አድርጌአለሁ። በጣቴ ጠረግሁት፣ አልጠፋም። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባውም ነጭ ነው፤ ነፍሳት የሚባል የለበትም። እጅ ላይ ግን ይጣበቃል። ጉንዳን ይወጣል ያለችኝ ገበያነሽ ናት። ሳሙናውን በሳምንት አንዴ ማለትሽ ለሻርጃ ይሆናል፤ የሸጎሌ ነጭ በሳምንት አንዴ የሚበገር አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ ከዙሁር ሰላት በኋላ አንድ በአንድ አጥባቸዋለሁ። ጫፍ ጫፋቸው ማረር ጀምሯል። ቢሆንም በሕይወት አሉ፤ እንዴት እንዳሉ እኔም ይገርመኛል።

ጌቱንም አናገርኩት። "አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶህ ናናዬን ጨረሰው!" አልኩት።

"እማማ፣ ሥራ ከቆመ እኮ ሰነበተ" አለኝ። "ሲሚንቶ ጠፍቶ እጃችንን አጣጥፈን ነው ያለነው።"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጎትቼ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁት። ገበያነሽም በሯን ከፍታ መጣች። ልጁ አንዱን የናና ቅጠል በጣቱ ጠረገና "ይኸው እማማ፣ ንጹሕ ነው" ብሎ ጣቱን አሳየኝ። አየሁት፤ ጣቱም ነጭ ነው! "ይኸው ሲሚንቶህ!" አልኩት። ልጁ ገበያነሽን አየ፣ እሷም እሱን አየችው። በማግስቱ ከበረንዳዬ ትይዩ ባለው የሕንፃው መወጣጫ እንጨት ላይ ትልቅ ሸራ አስወጥሮ አገኘሁ። ጥፋቱን ባያውቅ ሸራውን ለምን ይወጥራል?

ፎቶውን አያይዤልሻለሁ። መድኃኒቱ ይቅር ካልሽ ይቅር። ይልቅ የንባብ መነጽር ላኪልኝ፤ ከቁጥሩ ትልቁን። ለእኔ አይደለም፣ ለገበያነሽ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷን ስታነብ ስትቸገር አያለሁ፣ ታሳዝነኛለች።

አክስትሽ ዘሀራ

*

ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር፤ ግን እርስዎ ፊት ዋሽቼ አላውቅም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነው። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። በጣም ጥሩ አድርገው አንስተውታል፤ አላህ ይስጥልኝ። ያቺን የተጎረደች ጀሪካን ሳያት እኔና ሸምሰዲን ውኃ የምንቀዳባት መሆኗ ትዝ ብሎኝ ሳቅሁ፣ ቀጥሎም አለቀስኩ።

መነጽሩን በመንገደኛ ልኬአለሁ። ለገበያነሽም ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

እስቲ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ፤ ነገሩ ከናናው የራቀ ቢመስልዎትም ታግሠው ይመልሱልኝ። ሲመሽ አምፖሉን ሲያዩት ዙሪያውን ክብ ይሠራል? ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻውን በእግርዎ ይፈልጉታል? ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሁሉ ነገር ጭስ ይመስላል? ከሰላምታ ጋር እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ኡመይማ

*

ሸጎሌ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡመይማ፣ እንደምን አለሽ።

ስለ ናና ጠየቅሁሽ፣ ስለ አምፖል ትጠይቂኛለሽ። ምነው፣ መብራት ኃይል ተቀጠርሽ እንዴ? አምፖሌ ደህና ነው። ደረጃውም የትም አልሄደም።

መነጽሩ ደርሷል። ለገበያነሽ አልሆናትም፤ በእሱም ቢሆን ነጭ ነው የሚታያት። ቅጠሎቹ እንደነበሩ ናቸው።

ዘሀራ

*

ሻርጃ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

የማከብርዎና የምወድዎ አክስቴ ዘሀራ፤

አላህ ልብዎን ያስፋልኝ፤ ይህችን ደብዳቤ እስከ መጨረሻዋ ያንብቡልኝ።

በላኩልኝ ፎቶ ላይ ነጭ የሚባል ነገር የለም። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ናቸው፣ እንደ ድሮው አረንጓዴ። ጫፋቸው ያረረው ሳሙናው ነው። አንዱ ቅጠል ደግሞ ተገልብጦ ጀርባው ይታያል፤ አጉልቼ ሳየው ክሽክሽ ወሮታል። እርስዎ ሽንብራ ውስጥ ያለችን ጠጠር ከሩቅ የሚለዩ ሴት ነበሩ። ያን ሁሉ ነፍሳት ሳያዩ ቀሩ፣ የሌለውን ነጭ ግን አዩ። የልጁም ጣት ነጭ ሆነብዎት። የእጅ ጽሑፍዎም በየደብዳቤው እየተለቀ፣ መስመሩም ወደ ታች እየወረደ መጥቷል።

ነጩ ናናው ላይ አይደለም፣ አክስቴ። ዓይንዎ ላይ ነው ብዬ እፈራለሁ። የዓይን ሞራ ከሆነ ዛሬ ይታከማል። የሱቃችን ባለቤት እናት ዓይኗን ተሠርታ አሁን በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች። ተቆጥተው ዝም ከሚሉኝ ተቆጥተው ይጻፉልኝ። ለሸምሰዲን ልንገረው ወይስ እርስዎ ይነግሩታል?

ልጅዎ ኡመይማ

*

ሸጎሌ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡመይማ፤

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በደረሰኝ ዕለት ነው። ማንበቤን ስልኩ እንደሚያሳብቅብኝም አውቃለሁ። እንዲያሳብቅ ተውኩት።

ተቆጥቻለሁ። ከተቆጣሁም በኋላ ፈርቻለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። እናቴን አታውቂያትም። እሷም እንዲሁ "ጭስ፣ ጭስ" ስትል ከረመችና የአገር ሐኪም ነኝ ባይ በመርፌ ቢነካካት የቀረችዋ ጭላንጭል ጠፋች። ከዚያ ወዲያ የጓዳዋን ቁልፍ ለወንድሜ ሚስት አስረከበች። ማንም ክፉ አልተናገራት፤ ያበሏታል፣ ያጠጧታል። ግን ጨው እንኳ ራሷ ጨምራ ሳታውቅ ጥግ እንደተቀመጠች ሞተች።

ሸምሰዲን "እማ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ እኛ ዘንድ ቁስቋም ግቢ" ሲለኝ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሀያም ጨዋ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ግን ዓይኔን ያወቁ ቀን ቤቴን ይዘጉታል። እነዚህን ጣሳዎችም ለሰው ይሰጧቸዋል። ይህች በረንዳ ናት ለእኔ የቀረችኝ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ለሸምሰዲን እንዳትነግሪው። ረመዳንም እየገባ ነው፤ አሁን ስለ ሐኪም አታንሺብኝ።

አክስትሽ

*

ሻርጃ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ረመዳን ሙባረክ። ስለጻፉልኝ አላህ ይስጥልኝ፤ እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ለሸምሰዲን አልነግረውም፤ ቃሌ ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ለማን እንደሆነ እርስዎ ይምረጡ። ብቻዎን ይዘውት አይጹሙ። እኔ እዚህ ሆኜ ዱዓ ከማድረግ በቀር እጅዎን ይዤ ደረጃ ላወርድዎ አልችልም፣ ይህም ያንገበግበኛል።

ልጅዎ ኡመይማ

*

ሸጎሌ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓይኔ ኡመይማ፣ እንኳን ለዒድ አደረሰሽ፤ ጾምሽን ይቀበልሽ።

ነገርኩ። በዒድ ማግስት ገበያነሽ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። በየዓመቱ ትመጣለች፤ እኔም ለገናዋ እሄዳለሁ። ሻይ ቀዳሁላትና አፌን አሟሽቼ "ገበያነሽ፣ ዓይኔ..." አልኩ።

ብርጭቆዋን አስቀመጠችና "አውቃለሁ" አለች።

"ከመቼ?"

"ልብስሽን በእኔ ማሰፋት ከጀመርሽ ወዲህ። መርፌሽ ክር አልገባ ሲልሽ መሆኑ አይጠፋኝም እኮ።"

ደነገጥሁ። ለካ ጌቱም ያን ዕለት ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባው፤ ሸራውን የወጠረው "ሴትየዋ ልባቸው ይረፍ" ብሎ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት እንዲህ ነው፤ የዓይኔን ነገር በልጁ ሲሚንቶ ላይ አላከክሁት። ለእሱ ናና ቀጥፌ ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "እማማ፣ ሸራው ለእኛም ጥላ ሆነን" አለኝ፣ አላህ ያሳድገው።

ግን ልቤን የነካው ይህ አይደለም። ገበያነሽን "ታዲያ ያን ሁሉ ሳሙና ቅጠሎቹ እንዴት ቻሉት?" አልኳት። ስጎተጉታት "አንቺ ለአሱር ሰላት ስትገቢ እኔ በረንዳሽ ገብቼ በንጹሕ ውኃ አለቀልቃቸው ነበር" አለች። ከጥቅምት ጀምሮ፣ ኡመይማ! እኔ ሱጁድ ስወርድ፣ ጴንጤዋ ጎረቤቴ ጣሳ ይዛ ሳሙናዬን ታጥብልኛለች። ጆሮዬ አይሰማ፣ ዓይኔ አያይ፣ ገብታ ትወጣለች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ጎረቤት 'ዓይንሽ ደክሟል' ሲል ሟርት ይመስላል" አለችኝ። "ደግሞም ሰው የራሱን ነገር ራሱ ሲናገረው ነው የሚቀለው ብዬ ጠበቅሁሽ። ናናው ግን አይጠብቅማ።"

እጇን ይዤ አለቀስኩ። በዚያው ድፍረት ሸምሰዲንን በስልክ አስጠራሁትና ነገርኩት። ሀያምም አብራው መጣች። "ጓዳዬን ልትወስጂው ነው?" ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋት። "እማ፣ እኔ የራሴም ጓዳ በዝቶብኛል፤ የእርስዎን ምን ላድርገው?" ብላ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ለካ ስንት ወር የፈራሁት ባዶ ነገር ነው።

ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል። በሚያዝያ አጋማሽ መጀመሪያ ቀኙን ይሠሩልኛል። አሁንም እፈራለሁ፣ ግን ብቻዬን አይደለም።

አክስትሽ ዘሀራ

*

ሻርጃ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ አብሽሩ። አላህ የሐኪሙን እጅ ያበርታልን።

ደብዳቤዎን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ደንበኛዬ ምን ሆነሽ ነው እስክትለኝ አለቀስኩ። ለገበያነሽ ይህን ያንብቡላት፦ "እማማ ገበያነሽ፣ እኔ ብሆን ላደርገው የሚገባኝን እርስዎ አድርገውልኛል። በዱንያ ላይ እስካለሁ አልረሳውም።" ከተሠሩ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ እንዳይጽፉልኝ። ሸምሰዲን አንድ ቃል ብቻ ይላክልኝ።

ልጅዎ ኡመይማ

*

ሸጎሌ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኡመይማ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

ይህን ስጽፍ መነጽር አላደረግሁም። ፊደሌን እዪው፤ አነሰ አይደል? ወረቀትም ተረፈኝ።

ሸምሰዲን "ደህና ናት" ብሎ ጽፎልሻል፤ ወንድ ልጅ ከዚያ በላይ አይጽፍም። ሙሉውን እኔ ልንገርሽ። ዓይኔን ሲሠሩኝ ገበያነሽ በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጸልይ ዋለች፣ ሀያም ቁርኣን ስትቀራ። የሠራችኝ ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ እጇ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፤ "አለቀ እማማ" ስትለኝ የተጀመረም አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ሽፋኑ ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የገበያነሽን ፊት ነው። "ውይ፣ እንዲህ አርጅተሻል እንዴ?" አልኳት። "አንቺስ መስታወት አይተሻል?" አለችኝ። ሐኪሟ በሳቅ ሞተች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። ያሉት ሰዎች አንዱን ብቻ ያገኙ ይሆናል፤ እኔ ሁለቱንም ተሰጥቼ ምኑን ከምኑ ላበላልጥ? አንቺ ከባሕር ማዶ ሆነሽ ዓይኔን በፎቶ አየሽልኝ፣ እሷ ከበሬ ትይዩ ሆና ናናዬን ጠበቀችልኝ። ምስጋናዬ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። በያንዳንዱ ሰላት ስምሽን እጠራለሁ፤ የእሷንም እጠራለሁ፣ አላህ የሁላችንም ጌታ ነው።

ሐኪሟ አፈርና ውኃ መንካት የፈቀደችልኝ ዛሬ ነው። ጠዋት ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ናናው አረንጓዴ ነው። እንዲህ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼው ኖሯል። ከዚያ አንዱን ቅጠል ገለበጥሁ።

ወላሂ ኡመይማ፣ አየኋቸው! ክሽክሾቹን! እንደ ጤፍ ፍሬ ተደርድረዋል፤ እግር አላቸው፣ ቀንድ የመሰለም ነገር አላቸው። አንዷ ትንሿ ከሌሎቹ ተለይታ በቅጠሉ ደም ሥር ላይ ስትሄድ በዓይኔ ተከተልኳት። በጩኸት በረንዳውን አናወጥሁት። ገበያነሽ እሳት የተነሳ መስሏት ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ መጣች።

"ምንድነው? ምን ሆንሽ?"

"ተባይ!" አልኳት። "ተባዩን አየሁት! ይኸው፣ አንዷ እየሄደች ነው!"

ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያም እኔን አየችኝ። ሊጡን በነጠላዬ ላይ እያራገፈች አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን። እኔ "አልሐምዱሊላህ" አልኩ፣ እሷ "ሃሌ ሉያ" አለች። ከዚያ ዓይናችንን ጠረግንና፣ አንድ ማንኪያ ሳሙና ለአንድ ሊትር ውኃ፣ በጠበጥንላቸው።

አክስትሽ ዘሀራ